ሳይጠጣ የመጣ ጠበል

ሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን የቀረው ጊዜ ነበር። ዴንቨር ላይ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ጠዋት በረዶ ይጥላል፣ ከሰዓት በኋላ ይቀልጣል፣ ማታ ተመልሶ ይጠጥራል።

ያን ጊዜ የምሠራው ዴንቨር ሰሜን ጫፍ ላይ ባለ የሪሳይክል መለያ ውስጥ ነው። ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የምኖረው ኦሮራ ነው፤ ብቻዬን። አንድ ልጅ አለኝ፤ ሥራ አግኝቶ ቴክሳስ ከገባ ሁለት ዓመት አልፎታል። እሑድ እሑድ ይደውላል። እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። እንግባባለን፤ ተመስገን። ሥራ እንዴት ነው ሲለኝ መጋዘን ነው የምለው። ቤተ ክርስቲያንም ለሚጠይቀኝ እንደዚያው። ውሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሳምኜ ነበር። ትልቅ ጣራ ያለው ቤት ነው፤ ዕቃ ይገባል፣ ዕቃ ይወጣል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሰው ከየቤቱ በሪሳይክል ገንዳ ያወጣውን መኪኖቹ ሰብስበው ያመጡና ሰፊ የሲሚንቶ ወለል ላይ ይዘረግፉታል። ሎደር የሚነዳ ሰው እየዛቀ ቤልት በሚሉት ተንቀሳቃሽ ማጓጓዣ ላይ ይለቀዋል። ቤልቱ ሽቅብ ይወጣና መጀመሪያ የሚደርሰው እኛ ጋ ነው። አራት ሴቶች ነን፤ ሁለት በዚህ፣ ሁለት በዚያ። የእኛ ድርሻ ከኋላ ያለውን ማሽን የሚያንቀውን ነገር መልቀም ነው። የአትክልት ማጠጫ ጎማ፣ ሽቦ፣ ዳይፐር፣ ብርድ ልብስ፣ ከሁሉም ይልቅ ላስቲክ ከረጢት። ላስቲክ ማሽኑ ላይ ከተጠመጠመ ሁሉም ነገር ይቆምና ሰው ገብቶ በቢላ ይቆርጠዋል።

ከእኛ ያለፈው ወደሚሽከረከሩት ዲስኮች ይሄዳል። ካርቶኑ በላያቸው ተንሳፍፎ ያልፋል፤ ጠርሙሱ ከሥር ወድቆ ይሰበራል። ማግኔት የቆርቆሮውን ጣሳ ወደ ላይ ይመነትፈዋል። የለስላሳውን ጣሳ ደግሞ ሌላ ማሽን ሳይነካው ያዘልለዋል፤ መጀመሪያ ቀን ሳየው አማትቤአለሁ። ፕላስቲኩን ዓይን ያለው ማሽን ያይና በአየር እፍ ብሎ ወደየወገኑ ይጥለዋል። መጨረሻ ላይ ሁሉም በየዓይነቱ ይጨመቃል፣ በሽቦ ይታሰራል፣ እንደ ጭድ እስር ተከምሮ መኪና ይጠብቃል። ካርቶኑ ተመልሶ ካርቶን ይሆናል፣ ጣሳውም ጣሳ። ይህን ሳስብ ሥራዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ታስሮ የመጣ ከረጢት ግን ያ ዕድል የለውም። መፍታት ክልክል ነው። ውስጡ መርፌ ሊኖር ይችላል፣ ስብርባሪ ሊኖር ይችላል፣ ቤልቱም አይጠብቅም። ስለዚህ የቱንም ያህል ንጹሕ ነገር ቢይዝ እንዳለ አንስተን በግራችን ወዳለው ቀዳዳ እንወረውረዋለን። ከሥሩ ተሳቢ መኪና ቆሟል። ላንድፊል ይሄዳል፣ ይቀበራል።

እኔም እዚህ ከመቀጠሬ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አስሬ ነው ያወጣሁት። ጣሳውን አጥቤ፣ ጠርሙሱን አለቅልቄ፣ ከረጢት ውስጥ ከትቼ፣ ሁለት ጊዜ ቋጥሬ። የቤቴን ጉድ ጎረቤት እንዳያይብኝ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠብኩት የተቀበረ መሆኑን ያወቅሁት ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሰዓት ነው። ለማን ይነገራል? ዝም ብዬ መወርወሬን ቀጠልኩ።

ጩኸቱ ከባድ ስለሆነ ጆሯችንን ደፍነን ነው የምንሠራው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከሰው ጋር ቆሜ ከሰው ጋር አላወራም። ከዚያ ቤት እገባለሁ፤ እዚያም የሚያናግረኝ የለም። አንዳንድ ቀን ማታ ለጸሎት ስቆም የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኝ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ። ለጸሎት ግን ቤልቱም ይመቻል። እጄ ይለቅማል፣ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ከፊት ለፊቴ የምትቆመው የሜክሲኮ ሴት ለብዙ ጊዜ ማስቲካ የማኝክ መስሏት ነበር። አንድ ቀን እኔንም ስጪኝ ብላ እጇን ዘረጋች።

ያንን ከረጢት መጀመሪያ ያየሁት ረቡዕ ጠዋት ነው። በውስጡ የሚያሳይ ስስ ላስቲክ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። የእንጀራ ላስቲኮች ታጥበው፣ አራት ማዕዘን ታጥፈው ተደርድረዋል። ከጎናቸው ሦስት ባዶ የውሃ ጠርሙሶች አሉ፤ ትንንሾቹ ዓይነት። ጎናቸው ላይ በሰማያዊ ማርከር ጠበል የሚል ተጽፏል። ከሥሩ ቀን አለ፤ 17/6/16።

ሦስት ዓመት ቤልቱ ላይ ቆሜ የእኛን ፊደል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። እጄ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ አማተብኩና ወረወርኩት። ቀኑን ሙሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። አንድ ሰው አለ፤ እሑድ ጠበል ይመጣለታል፣ በሳምንቱ ጠጥቶ ይጨርሳል፣ ላስቲኩን አጥቦ ያጥፋል። የታመመ መሆን አለበት፤ ደህናማ ቢሆን ቤተ ክርስቲያን መጥቶ ይጠጣ ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ደግሞ መጣ። ያው ቋጠሮ፣ ያው ሰማያዊ ጽሑፍ። 24/6/16። ሦስቱም ባዶ ናቸው። ደስ አለኝ። ማንነቱን የማላውቀው ሰው አንድ ሳምንት በሕይወት ሰነበተ ማለት ነው። እግዚአብሔር ይማርህ ወይም ይማርሽ ብዬ ወረወርኩት። ከዚያ ወዲያ ረቡዕን መጠበቅ ጀመርኩ። ይህን ያህል የምጠብቀው ሌላ ቀን አልነበረኝም።

በሦስተኛው ረቡዕ ከረጢቱ በፍጥነት አለፈኝ፤ ፊት ለፊቴ የምትቆመው ጓደኛዬ ናት የወረወረችው። ስታነሳው ከበድ ያላት መሰለኝ። ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ተውኩት።

አራተኛው ረቡዕ መጋቢት አሥራ ስምንት ነበር። ከረጢቱ ሎደሩ ቀድዶት መጣ፣ ጠርሙሶቹም ቤልቱ ላይ ተንከባለሉ። አነሳሁ። ሙሉ ነው። ሁለተኛውም ሙሉ፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። ሦስተኛው ሁለት ጉንጭ ያህል ብቻ ጎድሏል። ሦስቱም ላይ 15/7/16 ይላል። በዚያ እሑድ የተሰጠ፣ ሦስት ቀን ያልሞላው ጠበል።

ከጎናችን የተዘረጋ ቀይ ገመድ አለ። ሲስቡት ቤልቱ ይቆማል። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ስቤው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ሳብኩት።

ሁሉም ጸጥ አለ። አለቃችን ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። እሷም የሜክሲኮ ሰው ናት፤ ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች።

“እጅሽ ነው?” አለችኝ።

“እጄ ደህና ነው። ውሃ ነው።”

“ለውሃ ነው ያቆምሽው?”

እንግሊዝኛዬ ጠፋብኝ። “የቤተ ክርስቲያን ውሃ ነው” አልኩ። “ቄስ የባረከው። ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም።”

ጠርሙሱን ከእጄ ወስዳ ፊደሉን አየችው። “አግዋ ቤንዲታ?” አለች፤ በእነሱ ቋንቋ ጠበል ማለት ነው። ያንን ቃል ከጓደኛዬ ሰምቼው ስለማውቅ ራሴን ነቀነቅሁ። በጓንቷ አማተበች። ጓደኛዬም አማተበች።

“እሺ፣ ምን እናድርገው?”

“ሰው የማይረግጠው ቦታ ይፍሰስ።”

“እዚህ ግቢ ሰው የማይረግጠው ቦታ ካገኘሽ ንገሪኝ፤ እኔም ምሳዬን እዚያ እበላለሁ” አለች። ከቤልት ላይ ዕቃ መውሰድ ለእኛ ክልክል ስለሆነ ራሷ ይዛው ወረደች። በዕረፍት ሰዓት አጥሩ ሥር ያለችው ዛፍ ግንድ ላይ ሦስቱንም አፈሰሰች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ። መዝገቧ ላይ ምን ልጻፍ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን አልኳት። ፈሳሽ የያዘ ዕቃ ብላ ጻፈች። ስለ እሷ እስከዛሬ አመሰግናለሁ።

ቤልቱ ተነሳ፤ እኔ ግን እንደ ቀድሞዬ አልሆንኩም። ጠበል ጀምሮ የተወ ሰው ምን ሆኗል ማለት ነው? ወይ ሆስፒታል ገብቷል፣ ወይ አርፏል። ቤቱን የሚያጸዳ ሰው ነው የጣለው። በምሳ ሰዓት ሎደር የሚነዳውን ሰው ረቡዕ ጠዋት መጀመሪያ የሚዘረገፈው መኪና ከየት እንደሚመጣ ጠየቅሁት። ከኦሮራ ነው አለኝ፤ ረጅሙ የአዛውንት ሕንፃና አካባቢው ያሉት አፓርታማዎች። ሕንፃውን አውቀዋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ፣ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁትም።

እሑዱ መጻጉዕ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ምድር ቤት ወረድኩ። ጠበል የሚቀዳበት ጠረጴዛ ጋ አንዲት ሴት ቆማ ጠርሙሶች ላይ ቀን ትጽፋለች። ማርከሯ ሰማያዊ ነው። በዓይን እንተዋወቃለን እንጂ አውርተን አናውቅም።

“ጽሑፉ ያንቺ ነው?” አልኳት።

“ምነው፣ አያምርም?”

“ያምራል። ከቤት ለማይወጡት የምታደርሺው አንቺ ነሽ?”

“እኔና መኪናዬ ነን። ከሁለታችን እሷ ትሻላለች፣ አታማርርም።”

“ረጅሙ የአዛውንት ሕንፃ ውስጥ የሚወስድ ሰው አለ?”

“ሁለት አሉ።”

“ሁለቱም ደህና ናቸው?”

ማርከሩን ከደነችው። “አንቺ፣ ምን ሰማሽ?”

“ምንም አልሰማሁም። ጠበሉ እየተጠጣ አይመስለኝም።”

“አንቺ ደግሞ ይህን በምን አወቅሽ? ሕልም አየሽ?”

ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። መጋዘን ነው የምሠራው ብዬ የነገርኳቸው ሴቶች እዚያው ቆመው ነበር።

እሷም አልጠበቀችኝም። “አንደኛው ሽማግሌ ናቸው” አለች። “እሳቸው ፊቴ ነው የሚጠጡት፤ እንዲያውም ጨምሪ ይሉኛል። እማማ ናቸው እንጂ…” ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “እማማ ጠፋብኝ ይላሉ። ባለፈው እሑድ በእጃቸው ሦስት ሰጥቻቸው ረቡዕ ደውለው የለም አሉኝ። የዚያኛውም ሳምንት እንደዚሁ። ልጃቸው ቨርጂኒያ ናት፤ መርሳት ጀምረዋል፣ ብቻቸውን መኖር አይችሉም ብላለች። ከፋሲካ በኋላ መጥታ ነርሲንግ ሆም ልታስገባቸው ነው። እሳቸው ደግሞ ከዚህ ቤት የምወጣው በሣጥን ነው ይላሉ።”

ስለዚህ ሰውየው ሴት ናቸው፤ ደግሞም በሕይወት አሉ። ተመስገን አልኩ። ግን ሦስቱን ጠርሙሶች በእጄ ይዣቸው ነበር። ጠፍተው አልነበረም። ቢያንስ ይህን አውቃለሁ።

“የዛሬውን እኔ ላድርስላቸው?” አልኳት።

“አድርሺ፣ እግዜር ይስጥሽ። ግን ሥራ ካለሽ አትቀመጪ። ከተቀመጥሽ እስከ ማታ አይለቁሽም።”

ሥራ አልነበረኝም። እሑድ ከሰዓት ለእኔ ረጅም ቀን ነው።

እማማ አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖሩት። በምርኩዝ መጥተው ከፈቱልኝ። ቀጭን ናቸው፣ ጸጉራቸው ነጭ። ጠበሉን እጄ ላይ ሲያዩ ገለል ብለው አሳለፉኝ።

“ግቢ ልጄ፣ ግቢ። የዛሬዋ ደግሞ ሌላ ናት።”

ቤቱ ንጹሕ ነው። በሩ አጠገብ ከረጢት ተቀምጧል፤ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ቋጠሮውን ስላወቅሁት ዓይኔን መለስኩ። የባላቸው ፎቶግራፍ ግድግዳው ላይ ነበር፤ አምና ነው ያረፉት። ስለ ጤንነታቸው ጠየቅሁ። ስኳር አለባቸው፣ ጉልበታቸው ይማቸዋል። ሐሳባቸው ላይ ግን ምንም ችግር አላየሁም። የመድኃኒታቸውን ሰዓት ሳያዩ ነገሩኝ፤ የጾሙን ሳምንታት ሳይሳሳቱ ቆጠሩልኝ።

“ጠበሉ ይስማማዎታል?” አልኩ።

“የት ጠጥቼው? እሑድ ትሰጠኛለች፣ ማታ እቀምሳለሁ፣ ሰኞ እቀምሳለሁ፣ ማክሰኞ ማታ ፍሪጁን ስከፍት የለም። ለልጄ ብነግራት ጠጥተሽ ረስተሽ ነው አለችኝ። ሦስት ጠርሙስ በሁለት ቀን! ግመል ነኝ እንዴ?”

“ማክሰኞ ማን ይመጣል?”

“የምታግዘኝ ልጅ ናት። ከመጣች ሁለት ሳምንቷ ነው። በቋንቋ ባንግባባም ጎበዝ ናት፤ ታጥበኛለች፣ ፍሪጁን ታጸዳለች፣ ቆሻሻውንም ይዛልኝ ትወጣለች። የቆየ ነገር አትወድም።”

ያመጣሁትን ላስቀምጥ ብዬ ፍሪጁን ከፈትኩ። ሽሮ ወጡ፣ ጎመኑ፣ የምስር ክኩ፣ ሁሉም ዕቃ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፎ በደንብ ቀን ተጽፎበታል። የልጅቱ ጽሑፍ ነው። በእጄ የያዝኩትን ጠርሙስ አየሁት። 22/7/16።

“እማማ፣ ጠርሙሱን ይዛ የሆነ ነገር ብላዎት ነበር?”

“አንድ ጊዜ እያሳየችኝ ብዙ ተናገረች። ኦኬ አልኳት።”

“ምን እንዳለች ሳያውቁ?”

“ልጄ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት በኦኬ ነው የኖርኩት።”

አጠገባቸው ተቀምጬ ቁጥሩን አሳየኋቸው። “እሷ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያነበበችው። አሥራ ስድስት ሲል ስምንት ዓመት የቆየ ውሃ መስሏት ነው። እንዳይጎዳዎት ብላ ጥላዋለች።”

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም። ጠርሙሱን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ያዙት።

“አልረሳሁም ማለት ነው?” አሉ።

“አልረሱም።”

“ሌሊት እየተነሳሁ እፈልገው ነበር። አልጋ ሥር ሁሉ። እውነትም ጭንቅላቴ ሄደ ብዬ ነበር።” “አልረሳሁም” አሉ እንደገና፤ ለእኔ አይደለም።

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። “ቆይ፣ አንቺ መጣሉን በምን አወቅሽ?”

ለማንም ያልነገርኩትን ለሳቸው ነገርኳቸው። “ሥራዬ ቆሻሻ መለየት ነው። ጠበሉ እኔ ያለሁበት ቤልት ላይ መጣ። ከነክዳኑ።”

እጆቼን አዩ። ከጓንቱ የተነሣ ቆዳቸው የተላጠ ነው። ጭኔ ሥር ልደብቃቸው ፈልጌ ነበር፣ አልሆነልኝም።

“እንግዲያ የእኔን ጉድ ሁሉ አይተሻላ” አሉ።

“የት አየሁ? አስረው ነው የሚያወጡት። እሱንስ ባያስሩት ይሻል ነበር፤ የታሰረ ከሆነ ሳይከፈት ይቀበራል። ያ ያጠቡት ሁሉ።”

“ፈትቼ ላወጣው? ሰው ምን ይለኛል?”

“ሰው አያየውም። የማየው እኔ ነኝ።”

“አንቺ ታዲያ ሰው አይደለሽም?”

ያን ጊዜ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ አላስታውስም።

ቡና አላቀረቡልኝም፤ ጉልበታቸው አይችልም። አንድ ብርቱካን ላጡልኝ። ብርቱካኑን ከጨረስኩ በኋላ ነው ዋናውን ነገር ያነሱት።

“ለልጄ ንገሪልኝ” አሉ። “እኔ ብነግራት ሰበብ አገኘች ነው የምትለው። አንቺ ያየሽውን ንገሪያት።”

እዚያው ሆነን ደወልን። ሆስፒታል ነው የምትሠራው፤ እሑድ ሥራ ላይ ስለሆነች አላነሳችም። ጠዋት ሥራ ሳትገባ ታነሳለች ብለው ቁጥሩን በወረቀት ሰጡኝ። በሩ ድረስ ሸኙኝ። ስወጣ “ትነግሪያታለሽ?” አሉኝ። “እነግራታለሁ” አልኩ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ቀለለብኝ። ቤቴ ስገባ ከበደኝ። የማላውቃት ሴት፣ የተማረች፣ ሆስፒታል የምትሠራ። በምን አወቅሽ ትለኛለች። ከዚያ ለጠበል አድራሿ ትነግራታለች፣ እሷ ለሌሎቹ። በተራዬ ለቤተ ክርስቲያን እንጀራ ይዤ ስመጣ እጄን የሚያዩ ይኖራሉ። ስም ሳልጠራ መልእክት ብተው፣ በአንድ ሰው በኩል ብልክ እያልኩ አሰብኩ። ግን እማማን ያላመነች ልጅ ስም የሌለውን መልእክት እንዴት ታምናለች?

ማታ ልጄ ደወለ። ሥራ እንዴት ነው አለኝ። ደህና ነው አልኩት። ሌላ የምለው ነበረኝ፣ አልወጣልኝም። ሲዘጋ ቤቱ እንደ ወትሮው ሆነ። ሥዕሉ ፊት ቆሜ የምለምነውን ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የለመንኩት አንድ ነገር ነው፤ ጠዋት አፌ እንዳይታሰር። ከዚያ ተኛሁ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ቦታ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። አዲስ በረዶ ጥሎ ነበር። የሠራተኛ መግቢያው ጋ፣ መብራቱ ሥር ቆምኩ። እኛ ጋ ገና አልነጋም፤ ቨርጂኒያ ግን ሰው ለሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ደወልኩ።

“ሃሎ? ማን ልበል?”

“አታውቂኝም። ከኦሮራ ነው። እናትሽ ደህና ናቸው፤ ትናንት ከሳቸው ጋር ነበርኩ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ልቤ ወጣ እኮ።”

ስለ ጠበሉ ነገርኳት፤ ስለ ቀኑ፣ ስለ ማክሰኞዋ ልጅ፣ ስለ ነጫጭ ወረቀቶቹ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

“ይህን እማዬ ናት እንዲህ በይ ያለችሽ?” አለች መጨረሻ ላይ። ክፋት አልነበረበትም። የደከመ ሰው ድምፅ ነው።

“ንገሪያት ብለውኛል። ያየሁት ግን እኔ ነኝ።”

“ምኑን አየሽ?”

“ጠርሙሶቹን። እኔ ቆሻሻ የሚለይበት ነው የምሠራው። ከእናትሽ ቤት የወጣው በእጄ ነው ያለፈው። ሦስት ጠርሙስ፤ ሁለቱ አልተከፈቱም፣ ከአንዱ ሁለት ጉንጭ ጎድሏል። እሑድና ሰኞ ማታ ቀምሻለሁ ያሉት እውነት ነው።”

በወዲያ በኩል ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ።

“የነርሲንግ ሆሙን ፎርም ሞልቼ ጨርሻለሁ እኮ” አለች። ድምፅዋ ተለውጦ ነበር። “ዛሬ ልልከው ነበር።”

“ልጅቱን ሳትጠይቂ አትላኪው። ነገ ትመጣለች።”

“ዛሬ እደውልላታለሁ። እሱንም አልልከውም። መጥቼ ራሴ አያታለሁ።” እያለቀሰች ነበር። “ስንት ጊዜ ረስተሽ ነው አልኳት መሰለሽ።”

እኔም የልጅ እናት ነኝ። “ስትደውዪ እሱን ለሳቸው ንገሪያቸው” አልኳት።

ሠራተኞች ወደ ውስጥ መግባት ጀመሩ። መግባት አለብኝ አልኳት። ስሜን ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እናቷን አንዳንዴ እንድጠይቅላት ለመነችኝ፤ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ አልኩ። ስልኩን ዘጋሁ። ቦት ጫማዬ ላይ ያለውን በረዶ አራገፍኩ፣ ጓንቴን አደረግሁ፣ ጆሮዬን ደፈንኩና ደረጃውን ወጣሁ።